የእስራኤል የርስት ምድር ወሰን፦ እስከ ኤፍራጥስ፣ እስከ ዮርዳኖስ ወይስ ከዳን እስከ ቤርሳቤህ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ብሉይ ኪዳንን ከዘፍጥረት ጀምሬ በተከታታይ ሳነብ ለእስራኤል የተሰጠችው ምድር ወሰን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲለያይ አየሁ። በዘፍጥረት 15፥18 ለአብራም ዘር የተገባው ቃል ኪዳን ከግብፅ ወንዝ እስከ ታላቁ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ ይዘልቃል። በዘኍልቍ 34 ግን የምሥራቁ ወሰን ዮርዳኖስ ላይ ይቆማል፤ በመሳፍንትና በሳሙኤል መጻሕፍት ደግሞ አገሪቱ «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» ትባላለች። ሦስቱም ስለ አንዲት ምድር የተነገሩ ናቸው? ከሆነስ በዛሬው ካርታ የት የት ላይ ያርፋሉ?

የብሉይ ኪዳን ተማሪ፦
ሦስቱም ስለ አንዲት ምድር ይናገራሉ፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው ብዬ አምናለሁ። የዘፍጥረቱ ቃል የተስፋው የመጨረሻ ስፋት ሲሆን፣ ዘኍልቍ 34 ለዘጠኙ ነገድና ለምናሴ ነገድ እኩሌታ በዕጣ የምትከፈለውን የከነዓን ምድር ይከልላል።

የደቡቡ ወሰን ከጨው ባሕር፣ ማለትም ከሙት ባሕር ጫፍ ተነሥቶ በአቅረቢም ዐቀበትና በቃዴስ በርኔ ደቡብ በኩል አልፎ እስከ ግብፅ ወንዝ ይደርሳል፤ ይህንንም ወንዝ ብዙ ሊቃውንት በሰሜን ሲና ከሚገኘው ከዋዲ ኤል ዓሪሽ ጋር አንድ ያደርጉታል። በሰሜን የተጠቀሰው የሐማት መግቢያ በሊባኖስ በቃዓ ሸለቆ ካለችው ከላብዌ ጋር ይያያዛል። በምሥራቅ ወሰኑ ወደ ኪኔሬት ባሕር፣ ማለትም ወደ ገሊላ ባሕር ወርዶ ዮርዳኖስን ተከትሎ ጨው ባሕር ላይ ያበቃል። እንግዲህ ይህ ወሰን እስራኤላውያን በአብዛኛው ያልሰፈሩበትን የሊባኖስ ምድር ጨምሮ፣ ሮቤልና ጋድ የሰፈሩበትን የዮርዳኖስ ማዶ ይተዋል ማለት ነው። ኢያሱ 22ን ያንብቡ፤ የማዶዎቹ ነገዶች መሠዊያ በሠሩ ጊዜ ወንድሞቻቸው ለጦርነት እስከ መሰብሰብ ደርሰው፣ ምድራችሁ ርኩስ ከሆነች የእግዚአብሔር ማደሪያ ወዳለችበት ርስት ተሻገሩ አሏቸው። ዮርዳኖስ በሕዝቡ ልብ ውስጥም ወሰን እንደ ነበረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የካርታ ወዳጅ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መሳፍንት 20፥1 ጉባኤው ከዳን እስከ ቤርሳቤህ ካሉት ሌላ ከገለዓድም ምድር እንደ መጣ ስለሚናገር፣ የዮርዳኖስ ማዶ ከአገሩ ፈጽሞ አልወጣም።

ዳን ቀድሞ ላይሽ ትባል የነበረችው ከተማ ስትሆን፣ ፍርስራሿ በአርሞንዔም ተራራ ግርጌ፣ ከዮርዳኖስ ምንጮች በአንዱ አጠገብ ይገኛል። ቤርሳቤህ በኔጌብ ምድረ በዳ ዳርቻ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ወደ 235 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለጠያቂው ቁልፉ ያለው በአንደኛ ነገሥት 4 ይመስለኛል። ቁጥር 21 ሰሎሞን ከወንዙ፣ ማለትም ከኤፍራጥስ እስከ ግብፅ ዳርቻ ባሉ መንግሥታት ላይ እንደ ነገሠና እነርሱም ግብር ያመጡለት እንደ ነበር ይናገራል፤ ቁጥር 25 ግን ይሁዳና እስራኤል እያንዳንዱ ከወይኑና ከበለሱ በታች ተዘልለው የተቀመጡት ከዳን እስከ ቤርሳቤህ እንደ ነበር ይገልጻል። ጸሐፊው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ንጉሡ የሚገዛውን ግዛት ሕዝቡ ከሚኖርበት አገር አስተውሎ ለይቶታል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለውም ማስረጃ መታወስ አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ የተቀረጸውና በ1896 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቴብስ የተገኘው የፈርዖን መርኔፕታ ሐውልት አስቀሎናንና ጌዝርን የቦታ ስም መሆኑን በሚያሳይ የግብፅ ጽሕፈት ምልክት ሲጽፍ፣ እስራኤልን ግን በሕዝብ ምልክት ጽፎታል፤ ማለትም የጠቀሰው ወሰን ያለውን አገር ሳይሆን ሕዝቡን ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፤ የነገሥቱን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሳነብበው ይህን ልዩነት አላስተዋልሁም ነበር። እንግዲያው ወሰኗ እንዲህ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ምድሪቱን ርስት የሚያሰኛት ምንድን ነው?

ሐዲስ አንባቢ፦
ኦሪት ራሷ የምትመልሰው በባለቤትነት ጥያቄ ነው። ዘሌዋውያን 25፥23 ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለሆነች ለዘለዓለም እንዳትሸጥ ያዝዛል፤ እስራኤላውያንንም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ይላቸዋል። አብርሃም ምድሪቱ ሁሉ ተስፋ ተሰጥቶት ሳለ ሚስቱን ለመቅበር የማክፌላን ዋሻና እርሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዝቷል። ዘዳግም 11፥10-12ም ምድሪቱን ከግብፅ ጋር ሲያነጻጽር፣ ግብፅ በሰው ድካም የምትጠጣ አገር ስትሆን ይህችኛዋ ከሰማይ ዝናብ ውኃ የምትጠጣ ኮረብታማ አገር ናት ይላል። ስለዚህ በዚያ መኖር በየዓመቱ ዝናቡን ከሚሰጠው አምላክ ጋር በቃል ኪዳን መኖር ነበር፤ ቃል ኪዳኑ ሲፈርስ ነቢያት ስለ ምርኮ የተናገሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በተለይ ሕዝቅኤል 47ን እንዲያነብቡ እመክራለሁ። ነቢዩ በባቢሎን ምርኮ ሳለ የዘኍልቍን የሚመስል ወሰን ዳግመኛ ከዘረዘረ በኋላ፣ በቁጥር 22 በመካከላቸው የሚኖሩ መጻተኞችና ልጆቻቸው እንደ አገር ተወላጆች ከእስራኤል ነገዶች ጋር ርስት እንዲካፈሉ ያዝዛል፤ ይህም በኦሪቱ የርስት ክፍፍል ያልነበረ አዲስ ሥርዓት ነው።