የአባ ጅፋር ጌም ቢሠራ፦ ቁርጥ እሳቸውን ወይስ ለጨዋታ የሚመች?

ጅሬን (ጥያቄውን የከፈተው)
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ተነስቶ በመሃል የተቋረጠውን ወሬ እንደ አዲስ ልክፈተው። ከጅማ የሆነ ሰው የጅማ ንጉሥ ስለነበሩት ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር የቪዲዮ ጌም ቢሠራ ካራክተራቸው እንዴት ይሳል? በፎቶ እንደምናያቸው፣ ቁርጥ እሳቸውን? ወይስ እንደ ፎርትናይት ሰዎች ተጋኖ፣ ቀለም በዝቶበት፣ ለመጫወት እንዲመች?

እኔ ለእውነተኛው መልክ ነኝ። ስለኛ የተሠራው ጥቂት ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ በ2015 ኢትዮጵያውያን ሲጨመሩ ሾተል የያዘ ወታደር ተሰጠን። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ ገቡ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።) ደስ ብሎናል። ግን ሁለቱንም የሠሩት ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ ተራው ሲደርሰን ካርቱን ካደረግነው፣ ሌላው ሰው መቼ ነው በትክክል የሚያየን?

ቆጪ
ኸረ በናትህ! እኔ ከሥራ ወጥቼ ጌም የምከፍተው የሰው ፊት ናፍቆኝ ነው እንዴ? ከጠዋት እስከ ማታ ሳየው የዋልኩትን? ቴከን 3ን አስታውሱ። ድብ ከሰው ጋር ይደባደባል። አንዱ ደግሞ የጃጓር ጭንቅላት አጥልቆ ይመጣል። «ይሄ ከእውነት የራቀ ነው» ብሎ ጆይስቲክ ያስቀመጠ ሰው አይታችኋል? ሁላችንም ኤዲ የሚባለውን ተደባዳቢ መርጠን፣ ቁልፉን ዝም ብለን እየቀጠቀጥን ነው ያደግነው።

ኪቶ ፉርዲሳ (ሶፍትዌር ተማሪ ነኝ)
ቆጪ፣ ጥሩ ቦታ መጣህልኝ። ኤዲ እኮ ከሁሉም በላይ እውነተኛው ነው። የሚጫወተው ካፖኤራ የሚባለውን፣ ጭፈራ የሚመስለውን የብራዚል ፍልሚያ ነው። እንቅስቃሴው ማርሴሎ ፔሬራ ከሚባል እውነተኛ የካፖኤራ መምህር ሰውነት በቀጥታ የተቀዳ ነው። ለዚህ ነው አንተ ዝም ብለህ ስትቀጠቅጥ እንኳ የሚወጣው ነገር የሚያምረው። ድቡም ቢሆን ክብደት አለው። ሲመታህ ታምነዋለህ። መልክ ሌላ፣ እንቅስቃሴ ሌላ። እናንተ ግን «እውነተኛ» ስትሉ ሁለቱን አንድ ላይ እየጨፈለቃችሁ ነው።

ጌም ቤት (መርካቶ)
እኔ ከቤቴ የማየውን ልናገር። ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚከፍሉት ለኳስ ነው። ኳስ ላይ ደግሞ መልክ ቀልድ አይደለም። ሜሲ ሜሲን ካልመሰለ ጸብ ነው። ኢፉትቦል የሚባለው የኮናሚ ኩባንያ የኳስ ጌም በ2021 መስከረም መጨረሻ ሲወጣ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። የተጫዋቾቹ ፊት የዓለም መሳቂያ ሆነ። ኮናሚ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ቁጥጥሩም ችግር ነበረበት፣ ልክ ነው። ግን ሰው በየስልኩ ሲቀባበለው የነበረው ፊቱን ነው።

ስለዚህ «ደስ ይበል እንጂ መልክ ምን ያደርጋል» የሚለውን አልገዛም። ካራክተሩ በስም የሚታወቅ ሰው ከሆነ መልኩ ዕዳ ነው። አባ ጅፋርም በስም የሚታወቁ ናቸው።

ቆጪ
ለኳስ እሺ። ግን የአባ ጅፋርን ፊት እንደ ሜሲ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ያየ ማን አለ? ግማሻችን ፊታቸውን ብንጠየቅ እንኳ አናውቀውም። የምናውቀው የኳስ ክለቡን ነው።

ሰዓሊዋ
በብሌንደር፣ በ3ዲ መሥሪያው ሶፍትዌር፣ ፊት ለመሥራት የሞከረ ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስንት አለ? እኔ እሠራለሁ። ከሥራው በኩል ልናገር።

ማሪዮ በ1981 ሲሳል ለምን ቆብ አደረገ? ፀጉር መሳል ስላስቸገረ። ጺሙስ? በዛች ትንሽ ቦታ አፍ መሥራት ስላልተቻለ። ቱታውም ሲሮጥ እጁ ከሰውነቱ እንዲለይ የታሰበ ነው። ሺገሩ ሚያሞቶ በጥቂት ነጥቦች የሠራው ሰውዬ ዛሬም ሕጻን ሳይቀር ያውቀዋል። አሁን ቦታው ሰፍቷል፣ ማሽኑም በርትቷል። ጥያቄው ግን ያው ነው። ይሄ ካራክተር በስልክ ስክሪን ላይ፣ ከሩቅ፣ በአንድ አፍታ ይለያል ወይ?

የተኩስ ጌሙን ቲም ፎርትረስ 2ን ውሰዱ። በ1999 ሲያሳዩት ወታደሮቹ እንደ እውነተኛ ሠራዊት ነበሩ። በ2007 ሲወጣ ሁሉም ተቀይሯል። ዘጠኝ ካራክተር አለ፣ ጥላቸውን ብቻ ብታዩ ትለዩዋቸዋላችሁ። አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጎባጣ። ይሄ ለቀልድ አይደለም። ተጫዋቹ ከመሞቱ በፊት ማን እንደመጣበት ማወቅ አለበት። ሁሉም ቁርጥ ወታደር ቢመስል ጌሙ አይሠራም ነበር።

ሌላው የማሳሂሮ ሞሪ ነገር ነው። ጃፓናዊ የሮቦት ተመራማሪ ነው፣ በ1970 ነው የጻፈው። ሰው ሠራሽ ነገር ሰውን እየመሰለ ሲሄድ እየወደድነው እንሄዳለን። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ድንገት ይቀፈናል። ማስ ኢፌክት አንድሮሜዳ የሚባለው ጌም በ2017 የተሳቀበት ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ባለሙያ ኖሮ ዓይንና አፉ አልታዘዝ አለ። እኛ ደግሞ እዚህ ጅማ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ቁርጥ አባ ጅፋርን እንሠራለን? የሚወጣው አባ ጅፋር አይሆንም። ዓይኑ የሞተ ሰውዬ ነው የሚሆነው።

ጅሬን
እንግዲህ ስለማንችል ነው እንጂ ስለማይገባ አይደለም እያልሽ ነው። ብንችልስ?

ሰዓሊዋ
ብችልም አላደርገውም። ኔንቴንዶ በ2000 የዜልዳ ጌሙን ጀግና ሊንክን እውነተኛ ሰው አስመስሎ አሳይቶ ሁሉም ጓጓ። በዓመቱ ዓይኑ የፈጠጠ ትንሽ የካርቱን ልጅ ይዞ መጣ። ሰው ተንጫጫ፣ ተሳደበ። ዊንድ ዌከር ማለት ያ ነው። ዛሬ ብትከፍተው ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። በዛ ዘመን «ልክ እንደ እውነት» እየተባሉ የተሸጡትን ደግሞ አሁን ክፈታቸውና እያቸው። እውነተኛ መልክ ቶሎ ያረጃል፣ ወንድሜ።

ቲቸር (ታሪክ ነው የማስተምረው)
ልጆች፣ ስለ ስዕሉ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ሰውየው ግን ትንሽ ልበል።

አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ቁመታቸው ለጉድ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ የምትፈሩት ማጋነን ግማሹ እውነቱ ውስጥ አለ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የእሳቸው ትልቁ ሥራ ከምኒልክ ጋር ጦርነት አለመግጠማቸው ነው። ለምኒልክ ገበሩ፣ ጅማም የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። በዙሪያቸው የነበሩት ሌሎች ግዛቶች ምን እንደደረሰባቸው ታውቃላችሁ። እናታቸው ጉሚቲም በምክር ብርቱ እንደነበሩ ይነገራል። እንግዲህ ጎራዴ ይዘው የሚዘሉ አባ ጅፋር ከሠራችሁ፣ ፊታቸው ቁርጥ እሳቸውን ቢመስልም ሰውየው እሳቸው አይደሉም።

አንድ ልጨምር። የጅማው ሂርማታ በዘመኑ የደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ገበያ ነበር። ቡና ይሸጥበታል፣ ዝባድ ይሸጥበታል፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። የካባውን ጥልፍ ክር በክር ስላችሁ ያንን ገበያ ብታጸዱት እውነተኛ ይባላል? እኔ አልለውም። ቀለም የበዛበት ካርቱን ሆኖ ገበያውን በሐቅ የሚያሳይ ጌም ይሻለኛል።

ቆጪ
ቲቸር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንዲህ ከሆነማ ማን ይጫወተዋል? ልጁ ትምህርት ቤት ሲማር ውሎ ማታም ጌም ላይ ይማር? ቅኔ ጌምስ የሠሩትን ኩኩሉን እዩ። የሀገር ልጆች ናቸው የሠሩት። ዶሮ ትሮጣለች፣ አበቃ! ማንም የታሪክ ጥያቄ አልጠየቃትም።

ቲቸር
እሱማ ልክ ነህ። ዶሮዋ ግን ስሟ አባ ጅፋር አይደለም። የሩጫ ጌም ከፈለጋችሁ የሚሮጥ ሰው ፍጠሩና ስም አውጡለት፣ እኔም አልናገርም። የሰው ስም ከወሰዳችሁ ግን ከስሙ ጋር የሚመጣውን ተሸከሙ።

ኪቶ ፉርዲሳ
ቲቸር ያሉት እኔን ሌላ ቦታ ወሰደኝ። የእሳቸው ሥራ ድርድር ከሆነ፣ ጌሙም የድርድር ጌም ነው የሚሆነው። መልእክተኛ ይመጣል፣ ፊቱን ታያለህ፣ ይዋሻል አይዋሽም ብለህ ትወስናለህ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ ፊት ያስፈልጋል ማለት ነው። ኤል ኤ ኗር በ2011 ይሄንን ነው የሠራው። የተዋናዮቹን ፊት በ32 ካሜራ ቀርጸው መርማሪው የሰው ፊት እያነበበ ነው የሚጫወተው። ሄልብሌድም አለ፣ የ2017ቱ። ልጅቷ የአእምሮ ሕመም አለባት፣ ድምፅ ትሰማለች። ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፖል ፍሌቸር ጋር፣ ሕመሙን ከሚያውቁ ሰዎች ጋርም ተማክረው ነው የሠሩት። የሷን ፊት ካርቱን ብታደርገው ጌሙ ይሞታል።

ስለዚህ የኔ መመዘኛ ይሄ ነው። ፊቱ ራሱ መጫወቻ ከሆነ ወጪውን አውጣና እውነተኛ አድርገው። ጌጥ ብቻ ከሆነ ተወው።

ሰዓሊዋ
ኪቶዬ፣ ሄልብሌድን ተቀብያለሁ። ኤል ኤ ኗርን ግን መልሰሽ እይው። ተዋናዮቹ ሲዋሹ ዓይናቸው የት የት እንደሚሄድ አይተሻል? እንደዛ የሚዋሽ ሰው በሕይወትሽ ገጥሞሻል? የኛ ሰፈር ውሸታም ዓይንሽን እያየ ነው የሚዋሽሽ። እዛ ያለው ተጫዋቹ እንዲገባው ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው። 32 ካሜራ ተክለው እንኳ ማጋነን አልቀረላቸውም። እኔ ያንኑ ማጋነን በእርሳስ እሠራዋለሁ፣ በነጻ።

ኪቶ ፉርዲሳ
😂 በዚህስ አሸነፍሽኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንዶቹ ዝም ስላላችሁ። «ደስ የሚል ካራክተር» ሲባል ደስ የሚለው ለማን ነው? የቶም ሬይደር ጌሟ ላራ ክሮፍት በ1996 ስትመጣ ሰውነቷ ማንን ለማስደሰት እንደተሳለ ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 እንደገና ሲሠሯት ልክ እንደ ሰው ሆነች። ትደማለች፣ ትቆሽሻለች፣ ትፈራለች። ደስታው ቀነሰ? ለኔ እንደውም ያኔ ነው የጀመረው። አሁን ጉሚቲ ጌሙ ውስጥ ይገባሉ እንበል። ቆጪ፣ አንተ «ለጨዋታ የሚመች» አድርገህ ስትስላቸው ምን እንደምታደርጋቸው እፈራለሁ።

ቆጪ
ኧረ ተይ እንጂ! የንጉሥ እናት ናቸው እኮ። እኔ ድብ ነው ያልኩት እንጂ ሌላ ምን አልኩ?

ጌም ቤት
አንድ ነገር ሁላችሁም ረስታችኋል። ሰዓት! ሳን አንድሪያስ በ2004 ነው የወጣው፣ ዛሬም የሚጠይቀኝ አለ። ዋናው ካራክተር ሲጄ በርገር ሲያበዛ ይወፍራል፣ ጂም ሲሄድ ጡንቻ ያወጣል። ልጆቹ ሆን ብለው ያወፍሩትና በሳቅ ይሞታሉ። እውነታ ነው፣ ግን ያዝናናል። ሬድ ዴድ 2 በ2018 ሲመጣ ደግሞ ጺሙ ያድጋል፣ ፈረሱን ታጸዳለህ፣ የገደልከውን አውሬ ቆዳ ቀስ ብለህ ትገፋለህ። ቤቱ ኮንሶል ላለው ሰው ድንቅ ነው። እኔ ጋ ግን ልጁ ሰዓት እየተቆጠረበት ፈረስ አይቦርሽም። አምስት ደቂቃ አይቶ «ኳስ አድርግልኝ» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ የት እንደሚጫወቱት አስቡ። እኔ ቤት ነው? ስልክ ላይ ነው? በታክሲ ውስጥ ስልክ ላይ የሚጫወት ልጅ የካባውን ጥልፍ አያየውም።

ጅሬን
ሁላችሁም በየበኩላችሁ ወደ ካርቱኑ እየጎተታችሁኝ ነው። እኔ ግን አልተጎተትኩም። ጅማ ውስጥ ያደገ ልጅ ቤተ መንግሥቱን ጎብኝቶ ሲመጣ ከጌሙ ጋር ካልገጠመለት ምን ዋጋ አለው? ጣሪያው፣ የእንጨት ሥራው፣ ሰገነቱ በልኩ ይሁን። በርጩማውም ሦስት እግሩን ይያዝ። ፊቱን ለሰዓሊዋ ልተውላት፣ እሺ። ቤቱንና ዕቃውን ግን አላስነካም።

ሰዓሊዋ
እሱን ማን ነካብህ? እኔም የማስበው እንደዛ ነው። ቤቱ በልኩ ይሠራል። ሰውየው ደግሞ ከበሩ በላይ እስኪመስሉ ይረዝማሉ፣ አጠገባቸው በርጩማዋ ትንሽ ትሆናለች። ጥላቸው ብቻ ቢታይ ማን እንደሆኑ ይታወቃል። ጎራዴ አይዙም። ቅንድባቸው ነው ሥራውን የሚሠራው፣ መልእክተኛ ሲመጣ።

ቲቸር
ገበያውስ?

ሰዓሊዋ
ይገባል። ግን በሱ ሳንቲም የሚለቀምበት ሌቭል አልሠራም። ተጫዋቹ የሚወስነው ነገር ይኖራል፣ የወሰነውም ይከተለዋል። እንዴት እንደሚሆን ከኪቶ ጋር ቁጭ ብለን ካላየነው አሁን አልናገርም።

ጌም ቤት
ሁለቱንም ሞክራችሁ አምጡ። የጅሬንንም፣ የሰዓሊዋንም። ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን እለቅላችኋለሁ። ልጆቹ የትኛው ጋ ተሰልፈው እንደሚቀሩ እናያለን።

ጅሬን
እስማማለሁ። ግን ልጆቹ የሰዓሊዋ ጋ ስለተሰለፉ የሷ ልክ ነው እንዳትሉኝ። ለኳስም ይሰለፋሉ።

ቆጪ
ይኸው፣ ገና ሳይሠራ ተሸነፈ 😂