የማዳበሪያ ቴሲስ፦ ማቺንግ ይሻላል ወይስ ፓነል?

ማስተርስ ያደከማት፦
ሰላም ቤተሰብ። ቴሲሴ ማዳበሪያ የገበሬውን ገቢ ምን ያህል ይለውጣል የሚል ነው። ዳታው የዓለም ባንክና የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤታችን አብረው የሚሰበስቡት የቤተሰብ ሰርቬይ ነው። ከኔ በፊት የሠሩት ሁሉ ሎጂት (ገበሬው ማዳበሪያ የመግዛት ዕድሉን የሚገምት ሞዴል)፣ ቀጥሎ ፕሮፐንሲቲ ስኮር ማቺንግ (በዚያ ዕድል የሚመሳሰሉ የገዙና ያልገዙ ገበሬዎችን ማወዳደር)፣ አለቀ። አድቫይዘሬ «ለምን ማቺንግ?» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። ማይክሮኢኮኖሜትሪክስ ወስጃለሁ፣ ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ የቱን መቼ እንደምጠቀም ነው ግራ የገባኝ።

ጎጃሜው፦
አድቫይዘርሽ ልክ ነው። ማቺንግ የሚያመሳስልልሽ ዳታው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ የመሬት ስፋት፣ ትምህርት፣ የመንገድ ርቀት። ማዳበሪያ የሚገዛው ገበሬ ግን ከጎረቤቱ የበለጠ ታታሪ ሊሆን ይችላል፣ መሬቱም ድሮውኑ ለም ሊሆን ይችላል፣ ይህን ደግሞ ማንም አልመዘገበውም። ገቢው የጨመረው በማዳበሪያው ይሁን በጉብዝናው በምን ታውቂያለሽ?
አንቺ እኮ ፓነል (ያንኑ ቤተሰብ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ የጠየቀ ዳታ) አለሽ! የ2011/12፣ የ2013/14 እና የ2015/16 ዙሮች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ነው የተከተሉት (የዓመቶቹ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው)። ፊክስድ ኢፌክት ተጠቀሚና ቤተሰቡን ከራሱ ጋር አወዳድሪ፤ የማይለወጠው ነገር ሁሉ ይወጣልሻል። የ2018/19ኙን ግን እንዳትቀጥይበት፣ አዲስ ናሙና ነው።

ዜሮ ቁጠሩ፦
ፊክስድ ኢፌክትም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ዝናቡ ሲያምር ገበሬው ብዙ ዩሪያ ይገዛል፣ ምርቱም በዚያው ዝናብ ይጨምራል። የዝናብ ዳታ ጨምሪበት።
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ብዙው ሰው የገዛው ማዳበሪያ ዜሮ ኪሎ ነው ብለው ቶቢት (ብዙ ዜሮ ላለበት መጠን የሚሠራ ሞዴል) ያሠራሉ። ቶቢት ለመግዛት መወሰንንና ስንት ኪሎ መግዛትን በአንድ ኮኤፊሸንት (የተጽዕኖ መለኪያ ቁጥር) ነው የሚያየው። የገበያ ርቀት ግን ለመግዛት መወሰኑን ሊያስቀር ይችላል፣ አንዴ ማዳበሪያ የሚሸጠው ማኅበር ድረስ ለሄደ ሰው መጠኑን ላይቀንሰው ይችላል። ክራግ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1971 (በፈረንጅ) ያመጣው ደብል ሀርድል የሚባል ሞዴል ሁለቱን ይለያል። በዚያ ላይ እኛ አገር ዜሮ ሁሉ የገበሬው ምርጫ አይደለም፤ ማዳበሪያው ዘግይቶ ወይም ጭራሽ ሳይመጣ የቀረበትን ሰው «አልፈለገም» ብሎ መቁጠር ግፍ ነው።

ማስተርስ ያደከማት፦
የዜሮውን ጉዳይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም 😅 ታዲያ ገዛ ወይስ አልገዛም የሚለውን ፕሮቢት (እንደ ሎጂት ያለ የአዎ/አይ ሞዴል) በፊክስድ ኢፌክት ላድርገው?

ጎጃሜው፦
ኧረ ተይ! በሦስት ዙር ብቻ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደሚ (የራሱን 0/1 መለያ) ካስገባሽ ውጤቱ የተዛባ ነው የሚሆነው። የሙንድላክን ዘዴ ሞክሪ፦ የተለዋዋጮቹን የየቤተሰቡን አማካይ አስልተሽ ራንደም ኢፌክት ፕሮቢት (ለየቤተሰቡ ደሚ ሳያስገባ ልዩነታቸውን እንደ ዕጣ የሚቆጥር) ውስጥ ጨምሪያቸው። ስታታ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ ጥቂት መስመር ነው።

ዜሮ ቁጠሩ፦
ስታንዳርድ ኤረሩን (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚለካውን) በቆጠራ ቦታ ክላስተር አድርጊ፣ ማለትም የአንድ ቦታ ሰዎችን እንደ አንድ ቡድን ቁጠሪ፣ የአንድ ቀበሌ ሰው ዝናቡም ማኅበሩም አንድ ነው። ግን ከሁሉ በፊት ስታታን ዝጊና መጠይቁን አንብቢ፤ ከዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ላይ ከዳታው ጋር በነፃ ይወርዳል። ማዳበሪያን በማሳ ነው የሚጠይቁት፣ ስለዚህ ወደ ቤተሰብ ስትደምሪ ባዶውን ቦታ ዝም ብለሽ ዜሮ እንዳታደርጊው።