11 ሆነን የምንሠራ የሶፍትዌር ድርጅት ነን፤ ብሎጋችንን የሚያነብ የለም፣ አሁን ደግሞ ደንበኛ አስቀየምን

ቤቲ ከመገናኛ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የምሠራበት ድርጅት ለፋርማሲና ለሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ይሠራል። የእኔ ሥራ የደንበኛ ስልክ ማንሳት ነበር። ከአራት ወር በፊት አለቃችን አንድ ስልጠና ላይ ዋሉና በማግስቱ "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በሳምንት አንድ ብሎግ ይጽፋል፣ የለጠፍነውንም ሁሉም በግል ፌስቡኩና ሊንክድኢኑ ሼር ያደርጋል" አሉ። ማስተባበሩ እኔ ላይ ወደቀ።

እስካሁን 17 ጽሑፍ ወጥቷል። "ዲጂታል ለውጥ ለንግድዎ ያለው ፋይዳ"፣ "የክላውድ ምንነት"፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ፕሮግራመሮቹ ዓርብ ማታ እየተነጫነጩ የሚጽፉት ነው። ላይክ የምናደርገው እኛው 11ዳችን ነን፤ የአለቃችን ባለቤት ሲጨመሩ 12።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ አዲሱን የሪፖርት ገጽ ለማሳየት ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለቀቀው። የአንድ ፋርማሲ ስምና የዕለቱ ሽያጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ባለቤቷ ደውላ "ገቢዬን ለሰፈሩ ሁሉ አወጃችሁልኝ" አለችኝ። አጥፍተነዋል፤ እሷ ግን ስልካችንን ማንሳት አቁማለች።

በዚያ ላይ ፌስቡክ ገጹን የከፈተው ከዓመት በፊት የለቀቀ ልጅ ነው፣ አድሚኑም እሱ ብቻ ነው። እኛ መለጠፍ ብቻ ነው የምንችለው።

ምን ይሻላል? ብሎጉ ይዘጋ ልበላቸው?

ባለ ሕንፃ መሣሪያ፦
ልጄ፣ እኔ ገዢ እንጂ ሻጭ አይደለሁም። ገመድና ቀለም ነው የምነግደው። አምና እንደናንተ ያለ ሶፍትዌር ስገዛ ስለ ዲጂታል ለውጥ አንድ መስመር አላነበብኩም። የወንድሜ ልጅ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ። ልጅቷ ከ100 ሜትር ጥቅል ገመድ ላይ 7 ሜትር ተኩል ሸጣ ስትመዘግብ፣ ቀሪው 92 ተኩል ብሎ ሲመጣ ያሳያል። በቃ። የእኔ ራስ ምታት እሱ ነበር፣ ሁሌ ጥቅሉን እየፈታን እንለካ ነበር። ያኑ ቀን ደወልኩ።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደግሞ "ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን" የምትሉት ነገር ነው። ዋጋ የሚደብቅ ሰው ፊቴን አይቶ ሊተምን ነው ብዬ ነው የማስበው። ጻፉት እንጂ።

ኤልሳ ሀዋሳ፦
ቤቲ፣ እኔም እንዳንቺው ስልክ አንሺ ነኝ፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ። ብሎጉን አታዘጊው፤ መጻፉን ከፕሮግራመሮቹ ላይ ውሰጂና አንቺ ጻፊ። ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት የለም።

እኔ ስልኩ አጠገብ ደብተር አለኝ፤ ደዋዩ ያለውን እንዳለው እጽፋለሁ። "ፕሪንተሩ ወረቀት ያወጣል፣ ፊደል የለውም" የሚል ስልክ በወር ስድስት ሰባቴ ይመጣ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የደረሰኙ ጥቅል ተገልብጦ ገብቶ ነው፤ ወረቀቱ የሚታተመው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት የሚጠቁረው ፊት ወደ ማተሚያው ይዙር፣ አለቀ። ይህን በአራት መስመርና በሁለት ፎቶ ጻፍኩት። ርእሱ ደዋዩ ያለው ቃል ራሱ ነው፣ አላሳመርኩትም። አሁን ሲደወል ሊንኩን እልካለሁ። ላይኩ ዜሮ ነው፣ ጆሮዬ ግን አርፏል።

ቃላቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። "የንብረት ክምችት አስተዳደር" ብሎ የሚፈልግ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ስቶክ ነው የሚለው። አንዱ "እቃ" ሌላው "ዕቃ" ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ጽሑፉ ውስጥ አንድ አንድ ቦታ ጣል አድርጊ፣ አራሚ ቢቆጣም። ጊዜም አለው። የሰኔ 30 ቆጠራ ጽሑፍ ግንቦት መጨረሻ ላይ ካልወጣ፣ ሐምሌ ላይ ማን ያየዋል?

ናቲ ኮዱ፦
ስለ ስክሪንሾቱ ልናገር። ከቻናሉ ማጥፋታችሁ ጥሩ ነው፤ ፎርዋርድ የተደረገ ካለ ግን እሱ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ "ጠፍቷል" ብላችሁ እንዳትምሉላት። አለቃችሁ በእግራቸው ፋርማሲው ድረስ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ። በቴክስት የሚሆን ነገር አይደለም።

ለወደፊቱ ሶፍትዌሩ ውስጥ የማሳያ ሱቅ ክፈቱ፦ የፈጠራ ስም፣ የፈጠራ ዋጋ፣ የፈጠራ ደንበኛ። ፎቶም ቪዲዮም ከዚያ ብቻ ይነሳ። የእውነተኛ ደንበኛ ገጽ አንስቶ "ስሙን ቀባሁት" ማለት ዋስትና የለውም። ስልክ ላይ ያለው ማርከር አንዳንዱ ግማሽ አሳላፊ ነው፣ ጥቁር ይመስላል እንጂ። እኔ ራሴ ቀብቼ የላክሁትን ምስል ጓደኛዬ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ስልክ ቁጥሩን አነበበልኝ፤ ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም።

የወጣው ሽያጭ ብቻ በመሆኑ ደግሞ ተርፋችኋል። የታካሚ ስምና መድኃኒት ያለበት ገጽ ቢሆን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ውስጥ ትገቡ ነበር። አዋጁ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ጋር ነው የመደበው።

ፌስቡኩን በተመለከተ፣ ልጁን በደግ አፍ ለምኑት፣ ቡና ጋብዙት። አንቺንና አለቃሽን ሁለታችሁንም በሙሉ ሥልጣን ያስገባችሁ፤ አንድ ሰው ብቻ አይሁን፣ ነገ ደግሞ አንቺ ትለቂያለሽ። የቴሌግራም ቻናሉም በማን ስልክ እንደተከፈተ አሁኑኑ እዪ። ባለቤትነት ለማስተላለፍ የባለቤቱ አካውንት ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ፓስወርድ መኖር አለበት፣ ፓስወርዱ ከገባም 7 ቀን ሊያልፈው ይገባል። ሰው በሚለቅበት ቀን የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነኝ፣ እኛም ትንሽ ነን፣ 14። አለቃችን እንዲሁ በግል ገጻችሁ ሼር አድርጉ ብሎን ነበር። እምቢ አልን። የእኔን ፌስቡክ የሚያዩት እናቴ፣ የሰርግ ጓደኞቼና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ሰርቨር የሚገዛ አንድም የለም። ኋላ ላይ መጻፍ የሚወድ አንድ ልጅ ብቻ ሊንክድኢን ላይ በራሱ ስም፣ በራሱ አፍ ይጻፍ ተባለ። ሲስተም የወደቀብንን ሌሊት፣ ምን እንደተሳሳተ ሳይደብቅ ጻፈ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰው ያነበበው እሱን ነው። የማይወድን ሰው ማስጻፍ ትርፉ ጽሑፉ ላይ ይታያል።

ግን ድረ ገጽ ላይ ብሎግ ለምን አስፈለገ? ነጋዴው ያለው ቴሌግራም ላይ ከሆነ ሁሉን እዚያው አድርጉት።

ኤልሳ ሀዋሳ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አይገባም ነበር። ቪፒኤን የማያውቅ ባለሱቅ ደግሞ ብዙ ነው። የእኛ ድረ ገጽ ግን ይከፈት ነበር፤ የፕሪንተሩን ሊንክ በኤስኤምኤስ እልክ ነበር። ዋናው ጽሑፍ ቤታችን ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ ቅንጭቡ ይለጠፍ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሱን አላሰብኩትም። ተቀብያለሁ።

ቤቲ ከመገናኛ፦
ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ ዘገየሁ። አለቃችን ፋርማሲው ሄዱ። ሴትየዋ ግማሽ ሰዓት አቁማ ተናገረቻቸው፣ ከዚያ ቡና አፈላች። ቀጥላለች። "ከእንግዲህ ስሜ የትም አይወጣም" የሚል ወረቀት አስፈርማናለች፤ እውነቷን ነው።

የሳምንቱ ግዴታ ተነሳ፣ ፕሮግራመሮቹ ኬክ ሊገዙልኝ ነበር። በግል ገጽ ሼር ማድረግም በፈቃደኝነት ሆነ፤ እዚህ ላይ አለቃችን ትንሽ አኩርፈዋል። የማሳያውን ሱቅ ከፍተናል፣ ስሙ "ሙከራ ፋርማሲ" ነው። የፌስቡኩ ልጅ በሁለት ደቂቃ አስገባን፤ ለካስ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ደብተሩን ጀምሬያለሁ። እስካሁን አንደኛ የወጣው "የትናንቱን ሽያጭ ዛሬ መዝግቤ ቀኑ ተሳሳተ" የሚለው ነው፣ በሦስት ሳምንት 9 ጊዜ። እሱን ጽፌ ድረ ገጹ ላይ አወጣሁት። የመጀመሪያ ቪዲዮአችንም 52 ሰከንድ ነው፣ ብሎን በኪሎ ገዝቶ በፍሬ ስለመሸጥ። ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምተናል፦ ዋጋውን መጨረሻው ላይ በትልቁ ጽፈነዋል።

ባለ ሕንፃ መሣሪያ፦
አየሁት። ጎበዝ። ዋጋው ለአንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ ለሱቁ በሙሉ? እሱ አልተጻፈም።