ሞተሩ ሲሞቅ እያቃሰተች የምትነሳ አሮጌ መኪና፦ ሞተሪኖ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር አለ?

የአባቴ መኪና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ዓይኑ ደከም ሲል መንዳቱን ተወና ለእኔ ሰጠኝ። ዕድሜዋ ከ20 ዓመት አልፏል። ቤንዚን ነች፣ ማርሿ ማኑዋል።

ጠዋት ጠዋት ደህና ነች። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ትነሳለች። የምታስቸግረኝ ተነድታ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የሆነ ቦታ አቁሜ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እያቃሰተ ነው የሚዞረው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይልና ዝም። ቁልፉን መልሼ ሳዞር ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች። ጭራሽ የማታስቸግርበት ቀንም አለ። ጋራዥ ስወስዳት ታዲያ እዚያ ፊታቸው ላይ ቀጥ ብላ ትነሳለች!

መጀመሪያ ባትሪ ቀይሪ ተባልኩ፣ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ሞተሪኖው ይቀየር እየተባልኩ ነው። እንዲሁ በግምት ዕቃ እየገዛሁ መቀጠል አልፈልግም። ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካት እችላለሁ። ከየት ልጀምር?

መንገደኛው፦

ዲናሞው ባትሪውን በደንብ እየሞላ ነው? የእኔ መኪና እንዲህ ስታደርግ ዲናሞ ነበር። እሱን አስፈትሺው።

ቴስተር በእጄ፦

መንገደኛው ያልከው መታየት አለበት። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። ግን የእሷ ችግር እሱ አይመስለኝም። ዲናሞው የማይሞላ ቢሆን የሚብስባት ጠዋት ነበር፤ ሌሊቱን ቆማ፣ ብርድ ተጨምሮበት። እሷ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

እህቴ፣ እባክሽ ሞተሪኖውን ገና አትግዢ። ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ልኬት አለ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ እሱ ይነግርሻል። ብዙ ሰው ባትሪና ሞተሪኖ ቀይሮ ችግሩ እንዳለ የሚቀረው መሀል ያለውን መንገድ ማንም ስለማያየው ነው። መንገዱ ማለት ገመዱ፣ ማሰሪያው፣ ቡሎኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ካሁኑ ልቀንስልሽ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ሳይነሳ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ስለ ቤንዚን ፓምፕና ካንዴላ እናወራ ነበር። አንቺ ጋ አዟዟሩ ራሱ ደካማ ነው። ስለዚህ ቤንዚንም ካንዴላም እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ ማንም ካንዴላ ቀይሪ ቢልሽ እሺ አትበይ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ቢደጋግም ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው የወረደ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ነበር። አንድ «ቀጭ» ብቻ ሲሆን ግን ሞተሪኖው ትእዛዙ ደርሶታል፣ ጉልበት ነው ያጣው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ዋናው ነገር መለካት ያለብሽ ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ነው። ጠዋት ለክተሽ «ሁሉም ደህና ነው» ብትይ ምንም አላወቅሽም። ንጂያት፣ ይሙቅ፣ ከዚያ አጥፊና ኮፈኑን ክፈቺ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ንቀይና ሞተሩ እየዞረ ግን እንዳይነሳ አድርጊ። ቁልፉን የሚያዞርልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ከ10 ሰከንድ በላይ አታስዙሪው፤ በየመሀሉ ትንሽ ይረፍ፣ ሞተሪኖ ቶሎ ይግላል።

ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፣ ሞልተሽው ተመለሺ። ከዚያ ሰውዬው ቁልፉን ሲያዞር ባትሪው ላይ ስንት እንደሚነበብ እዪ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ባትሪው 11 እና ከዚያ በላይ ላይ ቆሞ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ከሆነ ባትሪው ያለውን እየሰጠ ነው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ መንገዱን ለኪ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጊ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ አስነኪ። ቁልፉ ይዙር። እዚህ የሚነበበው ገመዱ የበላው ቮልት ነው። ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ ነጌቲቩን፦ አንዱ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላው በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለም የሌለበት ንጹህ ቦታ ፈልገሽ። እዚህ ከ0.3 ካለፈ ጠርጥሪ። ጫፉን የምታስነኪው የባትሪው እርሳስ (ከባትሪው ወጣ ያለው ምሰሶ) ራሱ ላይ እንጂ የሚይዘው ማሰሪያ ላይ አይደለም። ማሰሪያው ላይ ካስነካሽ በእርሳሱና በማሰሪያው መሀል ያለውን ቆሻሻ ትዘይዋለሽ፣ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

«ገመዱን በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልፋቱ ከንቱ ነው። ትንሽ ቤንዚን ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። ገመዱ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖር በ150 አምፔር 1.5 ቮልት ይበላል። ያንን 0.01 ተራ ቴስተር አያነበውም። ከመቶ ክር አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድ እንኳን በኦም ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ጉልበት ሲያልፍበት ብቻ ነው።

ለምን ሲሞቅ? መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ በ10 ዲግሪ ወደ 4 በመቶ ገደማ። ሞተሪኖው ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መጋገሩን ይቀጥላል። ቀድሞውኑ አፋፍ ላይ የነበረ ግንኙነት ያኔ ነው የሚወድቀው።

ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊልን።

ሞተሪኖ ጠጋኝ፦

ቴስተር በእጄ ያለው ትክክል ነው፤ ስለ «ቀጩ» ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ሞተሪኖ መፍታት ነው። አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል፣ ሲደገም የሚነሳ ሞተሪኖ ስፈታ ብዙ ጊዜ የማገኘው የተበላ የመዳብ ኮንታክት ነው። ሶሎኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው፣ ጉልበቱን የሚያገናኘው ማብሪያ) ውስጥ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ ሲዞር አንድ የመዳብ ሳህን ተስቦ ይመጣና ሁለቱን ያገናኛል፣ ጉልበቱ በእነሱ ያልፋል። በየማስነሳቱ ብልጭ ሲሉ ይበላሉ። የአሮጌውን ስትከፍቺው አንዱ ወገን ገደል ገብቶ፣ ጠቁሮ፣ ሳህኑ በአንድ ጠርዙ ብቻ ሲነካው ይታያል። ሳህኑ በዞረበት በኩል አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። አልፎ አልፎ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ሞተሪኖዎች ላይ ኮንታክቶቹ ለብቻ ይቀየራሉ፣ ሙሉ ሞተሪኖ አያስጥልም። ካርቦኖቹም (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት) በዚያው ይታዩ።

ደግሞ ማንም ሞተሪኖውን በመዶሻ እንዳይመታልሽ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ነው፣ ማግኔቱ ከተሰነጠቀ ጠግኖ መመለስ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ግን እሱ እንዳለው ለኪ። ገመዱ ደህና ከሆነ ወደ እኔ ነገር ትመጫለሽ።

የአባቴ መኪና፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ቁልፉን እያዞረልኝ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ለካሁ።

ባትሪው ሲያርፍ 12.6። ሲዞር 11.3፣ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ነበር። በፖዘቲቩ በኩል 0.2። በነጌቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሩ ብረት 1.4! ደጋግሜ አየሁት፣ ያው ነው። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ መጀመሪያ ቦዲው ላይ ነው የሚታሰረው፣ ከዚያ ሌላ አጭር የተጎነጎነ ገመድ ከቦዲው ወደ ካምቢዮው (ከሞተሩ ጋር ወደታሰረው የማርሽ ሳጥን) ይሄዳል። አሁን ምን ላድርግ?

ቴስተር በእጄ፦

ጎበዝ! አገኘሽው። 11.3 ከባትሪው ተነስቶ ሞተሪኖው ጋ የደረሰው 9.7 ብቻ ነው። ቢያቃስት አይፈረድበትም።

አሁን መንገዱን ቆርጠሽ ለኪ። ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ቦዲው ስንት ነው? ከቦዲው እስከ ሞተሩስ? ብዙውን የሚበላው የትኛው ቁራጭ እንደሆነ ይታይሻል። እኔ የምጠረጥረው ያቺን የተጎነጎነች አጭር ገመድ ነው። ውኃና ዘይት የሚረጭባት ቦታ ላይ ነች፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብራ ትታጠፋለች።

ለማረጋገጥ ባትሪ ለባትሪ ማገናኛ ገመድ ካለሽ ጥቁሩን ብቻ ከባትሪው ነጌቲቭ በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ እሰሪው፣ ከቬንትሌተሩና ከሚዞሩ ነገሮች አርቀሽ። ሞተሪኖው ወዲያው ከፈጠነ ጥርጣሬ አይኖርም።

ስትቀይሪያት ውፍረቷ ከነበረው አይነስ። ሁለቱም ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ይብራ። አዲስ ገመድ ዝገት ላይ ከታሰረ ያው አሮጌ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ፍሪሲዮንሽ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ያንን ገመድ፣ የቤንዚን መስጫውንም ገመድ እዪ። ሞተሩ በተበላሸ ነጌቲቭ ሲቆይ ጉልበቱ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፣ በእነዚህ ቀጫጭን ገመዶች ውስጥ ያልፍና ያግላቸዋል። ላስቲካቸው የቀለጠ ወይም መሳባቸው የከበደ ከሆነ ይቀየሩ።

የአባቴ መኪና፦

ከባትሪው እስከ ቦዲው 0.1፣ ከቦዲው እስከ ሞተሩ 1.3። ቁርጥ አንተ እንዳልከው። አጭሯን ገመድ ስፈታት ከማሰሪያ ቀለበቷ በታች ያሉት ክሮች አረንጓዴ ሆነው በጣቴ እንደ ዱቄት ፈረሱ። ወፍራም አሠርቼ፣ ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄ አሰርኳት። አሁን ሞቃ ስለካት በነጌቲቩ በኩል በጠቅላላው 0.15 ነው፣ ሞተሪኖውም እንደ ጠዋቱ ይዞራል። የፍሪሲዮኑ ገመድ አንድ ቦታ ላይ ላስቲኩ ተኮማትሯል፣ እሱንም አዝዣለሁ።

«ቀጩ» እስካሁን አልተመለሰም። ከተመለሰ ሞተሪኖውን አስፈትቼ ኮንታክቶቹን አሳያለሁ፣ ያየሁትንም እዚህ እጽፋለሁ።

ሞተሪኖ ጠጋኝ፦

ስታስፈቺው አስቀድመሽ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቺ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ፊውዝ የለውም፤ የምትፈቺበት መፍቻ ብረት ከነካ ይበየዳል።