«ስም ላቡን ላፈሰሰ ነው» ላላችሁን፦ የጌም ስም ክርክር

ሰላሌ_ሚድ፦ ትናንት ማታ አንዱ «ስም ላቡን ላፈሰሰ ነው፣ የተያዘ ስም ሌላውም ሰው የሚይዝበት ጌም የሰነፍ ጌም ነው» ብሎ ጽፎ ስንቱ አጨበጨበለት። እስቲ ልጠይቅ፣ ስትመዘገብ የትኛው ጋ ነው ያላበህ? ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ወደ ራዮት አይዲ (የኩባንያው መለያ ስም) ከዞረ ወዲህ ከስምህ ኋላ ሃሽታግ (#)፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ፊደል ወይም ቁጥር ይመጣል፣ አለቀ። አንተም «ጎበዝ» ነህ፣ እኔም «ጎበዝ» ነኝ። ማን ተጎዳ?

አባ_ላግ፦ «አንዱ» አትበለኝ፣ ስም አለኝ፣ ከላይ ተጽፏል። የተጎዳው ለዓመታት ራንክ እየወጣ ስሙን ያስከበረው ሰው ነው። ዛሬ ማንም ጀማሪ ያንኑ ስም ይዞ ይገባና ቡድኑን ያስበላል፣ ስድቡ ለእኔ ይደርሳል።

ናዝሬት_ሰፖርት፦ 😂 አሁንም ሳይጀመር ነው የሚደርስህ

ሰላሌ_ሚድ፦ «ስሙን ያስከበረው» አልክ። የድሮው ሊግ መቼ አስከበረልህ? ጌሙን ሳትከፍት ከቆየህ ይነጠቅ ነበር እኮ። ደረጃው ዝቅ ያለ አካውንት በ6 ወር፣ ከፍ ያለው ቢበዛ በ30 ወር ስሙ ለፈላጊ ይለቀቅ ነበር። የማን ስም መቼ እንደሚለቀቅ ቀን የሚቆጥሩ ድረ ገጾች ሁሉ ነበሩ። ስለዚህ ላብህ በ30 ወር ይደርቃል ማለት ነው።

ናዝሬት_ሰፖርት፦ ስም ለመቀየርም 13,900 ብሉ ኢሰንስ (በመጫወት የሚገኝ የጌሙ ገንዘብ) ወይ 1,300 አርፒ (በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛው) ነበር። አርፒ በብር አይገዛ። የውጭ ካርድ ያለው ዘመድ የሌለው ሰው ላቡን በምን ያፍስሰው?

አባ_ላግ፦ ላብ፣ ላብ፣ ላብ። አንድ ቃል ይዛችሁ ሞታችሁ። ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን የጠፈር ጌም እዩ፣ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓለም ውስጥ ነው፣ ስምም እንደፈለጉ አይቀየርም። የኮርፖሬሽኑን (የተጫዋቾች ማኅበሩን) ካዝና ገልብጦ የሄደ ሰው በስሙ ይታወቃል። ስም ተጠያቂነት ነው።

ሰላሌ_ሚድ፦ ሌባው አዲስ ካራክተር ይከፍታላ።

አባ_ላግ፦ ይክፈት፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ደግሞ አባቶቻችን የፈረስ ስም ሲይዙ ሃሽታግ ነበራቸው? አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ ነው፣ አባ ነፍሶ ሲባል ባልቻ ነው። በቃ!

ናዝሬት_ሰፖርት፦ ባልቻ አድዋ ላይ መድፍ አገላብጦ ነው የተከበረው። አንተ ኢሜይልህን አረጋግጠህ።

ሂለሯ፦ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ሊግ ብቻ ነው የምታውቁት። ዋው (ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት) በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ስምን በየሪልሙ (በየሰርቨሩ) ነው የሚጠብቀው፣ ከሌላ ሪልም የመጣ ሞክሼ ሲገጥምሽ ከስሙ ኋላ ሰረዝና የሪልሙ ስም ይታያል። ጊልድ ዋርስ የሚባለው ጌም ደግሞ በ2005 ሲወጣ ገና ከመነሻው ስም ሁለት ቃል ይሁን አለ፣ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ቀለለ። መሃል መንገድ አለ፣ ግን እናንተ ጠብ ትወዳላችሁ።

አባ_ላግ፦ እቱ፣ ያ መሃል መንገድ ነው ፊደል አናት ላይ ጭረት እየጨመሩ ስም የሚሰርቁትን ያመጣው።

ሂለሯ፦ የሰረቁትማ ስሙ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው እኮ! ሞክሼ ቢፈቀድ ጭረት ምን ያደርግለታል? በላቲን ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል አንድ ይመስላሉ፣ በዚያ ስንቱ የክላን መሪ መስሎ ዕቃ ተቀብሎ ጠፋ። ሰርቨሩ «ይህ ስም አልተያዘም» ብሎ አሳልፎታል። በእኛ ፊደል ቢሆን ደግሞ አስቡት፣ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸኀይ። ለሰርቨሩ ስድስት ሰው፣ ለእኔ ጆሮ አንዲት ልጅ።

ቺጋሮ_ዲሲ፦ ሃሽታግ ሃሽታግ የምትሉ፣ በዚያው በ2023 የቻት መተግበሪያው ዲስኮርድ ከስም ኋላ የነበረውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አውጥቶ መጣሉን ረሳችሁ? ኩባንያው ራሱ ከ40 በመቶ በላይ ተጠቃሚው ቁጥሩን አያስታውስም ወይም ምን እንደሆነ አያውቅም ብሏል። ሰው ቁጥር አይይዝም።

ሰላሌ_ሚድ፦ ከዚያስ? አዲሱን ስም ማን ቀድሞ መረጠ? አካውንቱ የቆየ። ኒትሮ የሚባለውን የዲስኮርድ ክፍያ የሚከፍለው ደግሞ ቀደም ብሎ። የቀረው ከስሙ ጋር የሥር ሰረዝና ነጥብ እየቀጠለ ኖረ። ቁጥሩ የት ሄደ፣ ስሙ ውስጥ ገባ እንጂ።

ቺጋሮ_ዲሲ፦ ቢያንስ ጓደኛዬን ስፈልገው አገኘዋለሁ።

ሰላሌ_ሚድ፦ እንዴት ብለህ? ከሥሩ ሁለት ሰረዝ ነው ወይስ ሦስት?

ናዝሬት_ሰፖርት፦ ይኸው አሁን ሊግ ላይ አባ ላግ ብዬ ስሜን ቀየርኩ። ሃሽታጉ በላቲን «LAB»።

አባ_ላግ፦ አጥፋው።

ናዝሬት_ሰፖርት፦ ማን ነኝ ብዬ ላጥፋው፣ አባ ላግ ነኝ እኮ

አባ_ላግ፦ አየሽ ሂለሯ? ሞክሼ ይፈቀድ ያልሽው ይሄንን ነው። አሁን ይሄ ልጅ ገብቶ በእኔ ስም ሰው ቢሳደብ ሪፖርቱ ለማን ነው?

ሂለሯ፦ ለእሱ። ሪፖርት የሚሄደው በአካውንት ነው፣ ስም አይቶ የሚቀጣ ሲስተም የለም።

አባ_ላግ፦ ሰው ግን ስም አይቶ ነው የሚጠላው።

ሰላሌ_ሚድ፦ ይቺን እንኳን ልቀበልህ ነበር፣ ግን «ሰነፍ» ያልከኝን ሳታነሳ አይሆንም።

አባ_ላግ፦ አላነሳም።

ደብተራው፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ትክክለኛው «ፀሐይ» ብቻ ነው፣ የቀረው አምስቱ ስህተት ነው። ጌሙም አንዱን ብቻ ይቀበል።

ሂለሯ፦ የእህቴ መታወቂያ ላይ በጸሎቱ ጸ ነው የተጻፈው፣ እሷ ስህተት ናት?

ደብተራው፦ መዝጋቢው ነው ስህተቱ።

ቺጋሮ_ዲሲ፦ ወይ ጉድ፣ አሁን ደግሞ ሊቃውንቱ መጡ