«አቀባባይ ከበርቴ» ስድብ ነው ወይስ የመደብ ስም?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ አዛውንት ስለ አንድ አስመጪ ሲያወሩ «እሱማ አቀባባይ ከበርቴ ነው» አሉ። ከደላላ በምን ይለያል? ስድብ ነው?

ዘአራት ኪሎ፦ የ60ዎቹ የተማሪ ቋንቋ ነው፤ «ኮምፕራዶር»ን ነው ያማረኙት። ቃሉ ፖርቱጋልኛ ነው፣ «ገዢ» ማለት። በቻይና ወደቦች ለአውሮፓ ነጋዴ የሚሠራ ያገሬው ሰው እንዲህ ይባል ነበር። ደላላ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። አቀባባዩ ግን ሀብቱ ከውጭ ካፒታል ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ፖለቲካውም እዚያው ይታሰራል፤ ኢምፔሪያሊዝም ሲነካ እሱም ይነካል። ሀብቱ ባገር ውስጥ ከቆመው ከብሔራዊ ከበርቴ የሚለየውም በዚህ ነው።

ባለቅኔው፦ ወንድሜ፣ ግሱን ሳትፈታ ቻይና ገባህ። ሥሩ የግእዙ «ተቀበለ» ነው። አቀባባይ ከወዲህ ተቀብሎ ወዲያ ይሰጣል፣ እጁ ላይ አያስቀርም። «ከበርቴ» ደግሞ ከ«ከብረ» ነው፣ ያለው የከበረ ሰው። እጁ ላይ የማያስቀር ሰው በምን ከበረ? ስያሜው እርስ በርሱ ይጣላል።

የአራዳ ልጅ፦ ጠመንጃስ? ጥይት አጉርሶ ለተኩስ ማዘጋጀትም «ማቀባበል» ነው። በዚያ ዘመን ቃሉን የሰማ ሰው ይሄ ትዝ አይለውም?

ባለቅኔው፦ ይሄ የሰፈር ፍቺ ነው። ቅኔ ቤት ብትገባ አትለውም ነበር።

እናት ዓለም፦ የኔታ፣ ልጁን አይቆጡት። እኔ ደርሼበታለሁ። በ1967 ባንክና ፋብሪካ ሲወረስ ቃሉ በየስብሰባው ነበር። በሚያዝያ 1968 የወጣው የደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝምን፣ ማለትም በመንግሥት ሥልጣን መክበርን፣ ጠላት ብሎ ፈረጀ። ከዚያ ወዲያ «አቀባባይ» የተባለ ሰው ክርክር አይደለም የሚጠብቀው፣ ክስ ነው። የመደብ ስም እንዲህ ሰው ላይ ሲለጠፍ አይቻለሁ፤ ዛሬም ስሰማው ደስ አይለኝም።

ዘአራት ኪሎ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። ግን አጠቃቀሙ ከፋ ተብሎ ትንታኔው አይጣልም። ቡናው በጅቡቲ ባቡር ወጥቶ ጨርቁ በዚያው ሲገባ መሀል ላይ የከበረ ሰው ነበር። የኔታ፣ አቀባባዩ ዕቃውን ያሳልፋል፣ ትርፉን ግን ይይዛል።

ባለቅኔው፦ ትርፉን ከያዘማ «አቀባይ» በቃው። ድርብ «ባ» ያለ ነገር አትገባም፤ ሁለት ወገን ትፈልጋለች። ጨርቁን ለእኛ ካቀበለ፣ ለእነሱ ምን አቀበለ?

ዘአራት ኪሎ፦ ቡናውን አልኩ እኮ።

ባለቅኔው፦ ቡናውንማ ገበሬው ነው ያቀበለው።