ጥቆማ፦ ለቴስቲንግ ቡድን ኃላፊ የሚሆን ሥልጠና የትኛው ነው?

አዲስ ኃላፊ
ጤና ይስጥልኝ። በእጅ በሚሠራ የሶፍትዌር ፍተሻ ላይ ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ በቅርቡ የአንድ አነስተኛ የቴስተሮች ቡድን ኃላፊ ሆኛለሁ። ስህተት ፈልጎ ማግኘትና መመዝገብ ብዙም አያስቸግረኝም። የሚከብደኝ የበላይ ኃላፊዎች «ፍተሻው መቼ ያልቃል?»፣ «እስካሁን የተሠራው ምን ያህል ያስተማምናል?»፣ «ምርቱን እንልቀቀው ወይስ እናቆየው?» እያሉ ሲጠይቁኝ በማስረጃ የተደገፈ መልስ መስጠት ነው። መሥሪያ ቤቴ የአንድ ሥልጠና ወጪ ለመሸፈን ተስማምቷል። እስካሁን የለየኋቸው አማራጮች አይኤስቲኪውቢ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ፍተሻ ሰርተፊኬት ድርጅት ያዘጋጀው አድቫንስድ (ከፍተኛ ደረጃ) የፍተሻ አመራር ሰርተፊኬት፣ የቢቢኤስቲ ኮርሶች እና ራፒድ ሶፍትዌር ቴስቲንግ ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን የምታውቁ ብታነጻጽሩልኝ ውለታችሁ አይረሳኝም። ጥያቄዬ ስለ አመራር እንጂ ስለ አውቶሜሽን፣ ማለትም ፍተሻን በፕሮግራም ስለ ማስኬድ፣ አይደለም።

የፋውንዴሽን አሠልጣኝ
ያለ ምንም ማመንታት አይኤስቲኪውቢን እመክርዎታለሁ። ድርጅቱ ከ2002 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ሲላበሱን፣ ማለትም የትምህርቱን ዝርዝር ይዘት፣ እና የናሙና ፈተናዎቹን ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምን እንደሚማሩ በዝርዝር ያውቃሉ። ወደ አድቫንስድ ደረጃ ለመግባት የፋውንዴሽን (የመነሻ ደረጃ) ሰርተፊኬትና የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ፋውንዴሽኑ ከሌለዎት ጉዞዎ ከዚያ ይጀምራል ማለት ነው። በ2023 የወጣው የፋውንዴሽን ሲላበስ 4.0 ስድስት ምዕራፎች አሉት። አምስተኛው ሙሉ በሙሉ ስለ ፍተሻ አመራር ነው፤ እቅድ፣ የጊዜ ግምት፣ ስጋት፣ ክትትልና ቁጥጥር፣ የስህተት አያያዝ ሁሉ እዚያ ይገኛሉ። የአድቫንስዱ የአመራር ሲላበስ ደግሞ በሦስት ተከፍሎ የፍተሻ ሥራውን፣ ምርቱንና ቡድኑን ስለ መምራት ያስተምራል። እርስዎ የዘረዘሯቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሁለቱም ደረጃዎች ሰርተፊኬት ጊዜው የሚያልፍበት አይደለም።

አውቶሜሽን ላይ ያለሁ
እኔ ግን ጊዜዎን በሰርተፊኬት ላይ ባያጠፉ እመርጣለሁ። ቴስት አውቶሜሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የኦንላይን ማዕከል በርካታ ኮርሶችን በነፃ ያቀርባል። ሴሌኒየምን ወይም ፕሌይራይትን የመሰሉ የአውቶሜሽን መሣሪያዎችን ከዚያ ጀምሮ መልመድ ይቻላል። የፕሮግራሚንግ መሠረት ካለዎት በፕሌይራይት ቢጀምሩ የመጀመሪያውን ስክሪፕት ለማስኬድ ብዙም አይቸገሩም።

የጥራት ክፍል
ጠያቂው የጽሑፋቸውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጡት እንዲነበብ ነው። ቡድን እንዴት እንደሚመራ የሚጠይቅን ሰው ስክሪፕት እንዲጽፍ መምከር ጥያቄውን አለመስማት ነው። እንዲህ ያሉ መልሶች በበዙ ቁጥር የፍተሻ አመራር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ እየተረሳ ይሄዳል፤ ይህም በጣም ያሳስበኛል።

ሠልጣኝ የነበርኩ
አሠልጣኙ ስለ ሲላበሱ የጻፉት ትክክል ነው። ነገር ግን ጥሩ ሲላበስ መኖሩ ጥሩ ሥልጠና ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የፍተሻ አመራር ኮርስ ወስጃለሁ። ማስታወቂያው «ማለፍ የተረጋገጠ» ይል ነበር። ትምህርቱ ሲጀመር አሠልጣኙ ስላይዶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከማንበብ ያለፈ ነገር አላደረገም። አንዲት ሠልጣኝ በስጋት ላይ የተመሠረተ የፍተሻ እቅድ አብረን እንድናዘጋጅ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ከቀድሞ ፈተናዎች የተለቀሙ ናቸው የተባሉ ጥያቄዎችና መልሶች ታደሉንና በቃላችን እንድንይዛቸው ተነገረን። የፈተናው ክፍያ በሥልጠናው ክፍያ ውስጥ እንዳልተካተተ ያወቅነውም የዚያኑ ቀን ነው። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያሳዘነኝ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሙያው ጉጉት ይዘው የመጡ ወጣቶች ቴስቲንግ ማለት ትርጓሜ መሸምደድ ነው ብለው መውጣታቸው ነው።

ሌላ ቴስተር
የማሠልጠኛውን ስም ቢነግሩን ሌሎች እንዳይገቡበት ይረዳ ነበር። ዕውቅና የተሰጠው ነበር ወይስ አልነበረም?

ሠልጣኝ የነበርኩ
ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ቅሬታዬን ለሚመለከታቸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ዕውቅና እንዳለው በማስታወቂያው ላይ ተገልጾ ነበር።

የፋውንዴሽን አሠልጣኝ
በደረሰብዎት ነገር ከልብ አዝኛለሁ። ሆኖም አንድ መጥፎ ክፍል የሙሉውን ሥርዓት ስም ሊያጠፋ አይገባም። ዕውቅና የሚሰጡት የአይኤስቲኪውቢ አባል ቦርዶች ናቸው። እውነተኛ መሆኑን ከማስታወቂያ ሳይሆን ከራሱ ከቦርዱ ዝርዝር ማጣራት ይቻላል። እኔ የማስተምርባቸው ክፍሎች ሁልጊዜ በልምምድ የተሞሉ ናቸው።

የጥራት ክፍል
የእርስዎ ክፍል ጥሩ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጠያቂው የሚገቡት እርስዎ ዘንድ ላይሆን ይችላል። ዕውቅና የኮርሱ ይዘት ከሲላበሱ ጋር መጣጣሙን ያሳያል እንጂ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያደርገውን አያሳይም። ሥልጠናና ሰርተፊኬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ መመዘን አለባቸው። ሰርተፊኬቱ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለጨረታ ሰነድ የሚያስፈልግ ከሆነ የፋውንዴሽኑን ፈተና ኮርስ ሳይወስዱ በራስ ጥናት መፈተን ይፈቀዳል። አርባ ጥያቄዎች ሲኖሩት ለማለፍ 26ቱን መመለስ ይበቃል። እንዲህ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በእርግጥ ሥራ ለሚያሠራ ሥልጠና ይተርፋል።

የቢቢኤስቲ ተማሪ
ሥራ ስለሚያሠራ ሥልጠና ከተነሳ ከቢቢኤስቲ የሚስተካከል አላየሁም። መነሻው የሴም ኬነር ትምህርቶች ናቸው። ኮርሶቹን ለረጅም ጊዜ በኦንላይን ሲሰጥ የቆየው የሶፍትዌር ፍተሻ ማኅበር ነው። ፋውንዴሽንስ በሚባለው የራሱ መነሻ ኮርስ ይጀመርና ወደ ባግ አድቮኬሲ (ስህተትን አሳማኝ አድርጎ መዘገብ) እና ቴስት ዲዛይን (ፍተሻን መንደፍ) ይታለፋል። ሠልጣኞች አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ እየገመገሙ ስለሚማሩ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

ስህተት በመዘገብ ላይ የሚያተኩረው ኮርስ ምን እንደሚያስተምር በምሳሌ ላሳይ። አንድ ቴስተር «ረጅም ስም ያለው ፋይል ሲጫን ስህተት የሚል መልእክት ይወጣል» ብሎ ቢመዘግብ፣ ፕሮግራመሩ «እንዲህ ያለ ስም የሚሰጥ የለም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። በኮርሱ የምንማረው እዚያ ሳናቆም ስህተቱን እንደገና ማስከሰት፣ ከሌሎች ምክንያቶች መነጠል፣ ሊያስከትል የሚችለውን የከፋ ጉዳት መፈለግ፣ ከዚያም በሌሎች ሁኔታዎች ይታይ እንደሆነ ማጣራት ነው። ይህን ያደረገ ሰው መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት ቀድሞ የተቀመጠው ፋይል መጥፋቱን ሊደርስበት ይችላል። ያኔ ጉዳዩ የስም ርዝመት መሆኑ ይቀርና የተጠቃሚ ሰነድ መጥፋት ይሆናል፤ ማንም በቀላሉ የሚዘጋው አይሆንም። የቪዲዮ ትምህርቶቹና የማስተማሪያ ጽሑፎቹ በነፃ ስለተለቀቁ ከመመዝገብዎ በፊት ሊያዩዋቸው ይችላሉ።

ሌላ ቴስተር
ምሳሌው በጣም ግሩም ነው። ሆኖም ይህ የቴስተሩ ሙያ ነው እንጂ ቡድን የመምራት ጉዳይ አይደለም። ጠያቂው ስህተት መመዝገብ እንደማያስቸግራቸው ጽፈዋል።

የቢቢኤስቲ ተማሪ
የቡድን አባላት የሚያቀርቡት ሪፖርት ደካማ ከሆነ ኃላፊው ለበላይ አካል የሚያቀርበው መረጃም ደካማ ይሆናል። እኔ አሁንም ቢቢኤስቲን ነው የምመክረው፤ ለየትኛውም የሥራ ደረጃ ይጠቅማል።

የሰነድ ባለሙያ
ሁላችሁም የዘነጋችሁት አንድ ጉዳይ አለ። የፍተሻ አመራር ያለ ደረጃ መመሪያ አይታሰብም። አይኤስኦ 29119 የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ፍተሻ መመሪያ ሂደቱን፣ ሰነዶቹንና የአዘገጃጀት ስልቶቹን በየክፍሉ ያስቀምጣል። መሥሪያ ቤታቸው ይህን መመሪያ ቢቀበል ሥልጠናው ራሱ አያስፈልጋቸውም ነበር።

የጥራት ክፍል
በዚህ አልስማማም። የዚያ መመሪያ የመጀመሪያ ክፍሎች በ2013 ከወጡ በኋላ በማግስቱ ዓመት በርካታ ቴስተሮች ሥራ ላይ መዋሉ እንዲቆም የተቃውሞ ፊርማ አሰባስበዋል። ዋና ሥጋታቸው ከፍተሻው ይልቅ ለሰነዱ ትኩረት ይሰጣል የሚል ነበር። ሕግ በሚቆጣጠራቸው ዘርፎች፣ ለምሳሌ በሕክምና መሣሪያዎች ላይ፣ የተሟላ ሰነድ ግዴታ መሆኑን እረዳለሁ። በአንድ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ግን ማንም የማያነበው የፍተሻ እቅድ ማዘጋጀት ለፍተሻ የሚውለውን ሰዓት መውሰድ ነው።

የሰነድ ባለሙያ
መመሪያው እንደ ድርጅቱ ሁኔታ ተስተካክሎ እንዲተገበር ራሱ ይፈቅዳል። ይህ ሳይነገር የተቃውሞው ወሬ ብቻ መደገሙ ተገቢ አይመስለኝም።

ቡድን የምመራ
ወደ ጠያቂው ጥያቄ እንመለስ፤ ማስረጃ የሚጠይቁ አለቆች ፊት ቆሞ ባዶ እጅ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁና። ከሦስቱ አማራጮች ሁለቱን ወስጃለሁ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ላያይዛቸው።

«መቼ ያልቃል?» ለሚለው የአይኤስቲኪውቢው ትምህርት ወዲያው በሥራ ላይ የሚውል መሣሪያ ይሰጣል። ለምሳሌ የሦስት ነጥብ ግምትን እንውሰድ። አንድ ሥራ ሁሉም ነገር ከተቃና 4 ቀን፣ እንደ ወትሮው ከሆነ 7 ቀን፣ ከከፋ ደግሞ 16 ቀን ይፈጃል ብላችሁ ከቡድኑ ጋር ብትስማሙ፣ መካከለኛውን በአራት አባዝታችሁ ከሁለቱ ጫፎች ጋር ትደምሩና ለስድስት ታካፍላላችሁ። ግምቱ 8 ቀን ይሆናል። የተቃናው ከከፋው ተቀንሶ ለስድስት ሲካፈል ደግሞ የ2 ቀን ልዩነት ይገኛል። ስለዚህ ለአለቃችሁ «8 ቀን» ከማለት ይልቅ «ከ6 እስከ 10 ቀን» ትሉታላችሁ። ለምን 16 እንደተባለ ሲጠየቅም የሚመጣው መልስ፣ ማለትም የፍተሻ ሰርቨሩ መዘግየት ወይም ያልተሟላ የሥራ ዝርዝር፣ አለቃው ራሱ ሊፈታው የሚችለው ችግር ሆኖ ይገኛል።

«ምን ያህል ያስተማምናል?» ለሚለው ግን እኔን የጠቀመኝ የጄምስ ባክና የማይክል ቦልተን ራፒድ ሶፍትዌር ቴስቲንግ ነው። የፍተሻ ዘገባ ሦስት ነገሮችን አያይዞ መተረክ እንዳለበት ያስተምራሉ፤ ምርቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ይህን እንዴት ፈትሸን እንዳወቅን፣ ፍተሻችን ራሱ ምን ያህል በቂ እንደሆነና ምን እንዳደናቀፈው። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ዘግበን እናበቃለን። ሦስተኛው ሲጎድል አለቃው «ከመቶ ሰማንያው ተፈትሿል» የሚለውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ያልተነካው ሃያ የክፍያው ክፍል ይሁን የቀለም ምርጫው አያውቅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ በክፍለ ጊዜ የተከፋፈለ ፍተሻ የሚባል የአመራር ዘዴ አለ። ጆናታን ባክና ጄምስ ባክ ያዳበሩት ነው። ቴስተሩ በግልጽ የተጻፈ ተልእኮ ይዞ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈትሻል፣ ከዚያም ከኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ ያገኘውን ይገመግማል። ጊዜው ለፍተሻ፣ ስህተት ለማጣራት ወይም ለዝግጅት መዋሉ ስለሚመዘገብ፣ ቡድኑ ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ «አብዛኛው ጊዜ ያለቀው የፍተሻ አካባቢውን በማስተካከል ላይ ነው» ብሎ በማስረጃ መናገር ይቻላል። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ከአለቆቼ ጋር የማደርገው ውይይት ፍጹም ተለውጧል።

የቱንም ቢመርጡ ሠልጣኞች በትምህርቱ ጊዜ ምን ሠርተው እንደሚያስረክቡና ሥራቸውን ማን አይቶ አስተያየት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍሉን የሚያስተምረው ሰው ራሱ ቡድን መርቶ ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁ። ጥሩ አሠልጣኝ በእነዚህ ጥያቄዎች ይደሰታል።

አውቶሜሽን ላይ ያለሁ
ይህ የጊዜ ምዝገባ ግን የፍተሻ ስክሪፕቶች በሚጻፉበት ቡድን ውስጥ ይሠራል? እኛ ዘንድ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ያለ ምክንያት የሚወድቁ ስክሪፕቶችን በመጠገን ነው።

ቡድን የምመራ
ይሠራል። ጥገናውን ከፍተሻ ለይታችሁ ራሱን የቻለ አራተኛ ዓይነት አድርጋችሁ መዝግቡት። ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በግልጽ ሲታይ የትኞቹ ስክሪፕቶች መጣል እንዳለባቸው ለመወሰን ይቀላል።

አዲስ ኃላፊ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግምቱን ስሌት በያዝነው ሥራ ላይ ከቡድኑ ጋር ሞክረነዋል፤ በተቃናውና በከፋው ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ አነጋግሮናል። ለሁለት ማሠልጠኛዎችም ሠልጣኙ ምን ሠርቶ እንደሚያስረክብ ጠይቄ ጽፌያለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ የፋውንዴሽኑ ፈተና የአፍ መፍቻዬ ባልሆነ ቋንቋ የሚሰጥ ከሆነ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቀዳል?

የፋውንዴሽን አሠልጣኝ
አዎ፣ ሩብ ያህል ጊዜ ይጨመራል፤ 60 ደቂቃው 75 ይሆናል ማለት ነው። ለፈተናው ሲመዘገቡ አስቀድመው ማሳወቅዎን አይርሱ።

ሠልጣኝ የነበርኩ
የፈተናው ክፍያ በሥልጠናው ውስጥ መካተት አለመካተቱንም በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጠይቋቸው።